ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ጃርት፦ ሆደ ጸጉሮችን በቅርፊታቸውና በእሾሃቸው መለየት

ከቤቴ ጀርባ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት አሮጌ በርሜል አለ። የቤቱ ሰው የሚፈልገው ከላይ ያለውን ጥሩውን ውሃ ነው፤ እኔ የምፈልገው ሥሩ ላይ የተኛውን የበሰበሰ ቅጠልና አተላ። ባለፈው ክረምት ከዚያ አተላ በጠብታ መሳቢያ ትንሽ ቀድቼ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጥኩ። ብዙም ሳልጠብቅ አንገቱ ቀጠን፣ ወገቡ ሰፋ ያለ፣ ጠርሙስ የመሰለ እንስሳ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያማተረ በቅጠል ፍርፋሪው መካከል ተንሸራተተ። ጀርባው ልሙጥ ነው፤ ቅርፊት የለው፣ እሾህ የለው። ደብተሬ ላይ በሙሉ ልብ «ኢክቲዲየም» ብዬ ጻፍኩ፤ ቅርፊት የሌለው ሆደ ጸጉር ስም ነው።

ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ። ውሃው ከመሸፈኛው መስታወት ጠርዝ እየተነነ ሲሄድ መስታወቱ እንስሳውን ቀስ ብሎ ተጫነው። እኔም ከሥር የሚመጣው ብርሃን በዝቷል ብዬ የመብራቱን ቀዳዳ አጠበብኩት። ያን ጊዜ ልሙጥ በመሰለኝ ቆዳ ላይ ቀጭን መስመር ብቅ አለ። መስመሩ በዝቶ መረብ ሆነ። መረቡ ደግሞ ጠጋ ብዬ ሳየው አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየተጫነ የተደረደረ ጠፍጣፋ ቅርፊት ነው። የጻፍኩትን ሰርዤ «ሌፒዶደርሜላ» አልኩ። እንስሳው ያው እንስሳ ነው፤ የተለወጠው የብርሃኑ መጠን ብቻ ነው። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ግን ትንሽ አይደለም፤ ቅርፊት አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ እነዚህን ፍጥረታት ከወገን ወገን የሚለይ ነው፤ ወገን የምለው ተቀራራቢ ዝርያዎችን በአንድ ስም የያዘውን ስብስብ ነው።

ሥራው ይህን ይመስላል። የስሙ ማረጋገጫ ያለው ብርሃን ሲበዛበት በሚጠፋ ነገር ላይ ነው።

የእንስሳቱ የሳይንስ ስም ጋስትሮትሪካ ነው። በግሪክኛ ጋስተር ሆድ ነው፣ ትሪክስ ጸጉር። አማርኛ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ሆደ ቡቡ ማለት ያውቅበታልና እኔም «ሆደ ጸጉር» እላቸዋለሁ። ስሙ ይገባቸዋል። ሆዳቸው ላይ ሲሊያ የሚባሉ ጥቃቅን ጸጉሮች ብዙውን ጊዜ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው እንደ መቅዘፊያ ስለሚመቱ እንስሳው እግር ሳይኖረው ይሄዳል። ጅራቱ በአብዛኛው እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሙጫ የሚያወጣ ቱቦ አለ። እንስሳው ሲሻው በሙጫው ቅጠል ላይ ይጣበቃል፤ ሲሻው ይላቀቃል።

መጠኑን ለመገመት የጤፍ ፍሬ ይበቃል። አንድ የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ከሚኖሩት ሆደ ጸጉሮች ብዙዎቹ ከ100 እስከ 300 ማይክሮሜትር ይደርሳሉ፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። መካከለኛ ቁመት ያላቸውን አምስት ያህል ሆደ ጸጉሮች ጭራና ራሳቸውን አገናኝታችሁ ብትደረድሩ የአንድ ጤፍ ርዝመት ይሆናሉ ማለት ነው። በዚህ መጠን አንድ ሕዋስ ብቻ ካላቸው ከፓራሜሲየምና ከመሰሎቹ ጋር እኩያ ናቸው። ጀማሪ ቢያምታታቸው አይፈረድበትም። ሆደ ጸጉር ግን የተሟላ እንስሳ ነው። አፍ አለው፣ ምግብን እየሳበ የሚያስገባ ጡንቻማ ጉሮሮ አለው፣ አንጀት፣ ነርቭና ጡንቻ አለው። ባክቴሪያ፣ አልጌና የበሰበሰ ብናኝ ይበላል፤ እርሱን ደግሞ ከርሱ ከፍ ያሉት ይበሉታል። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ800 በላይ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡት በባሕር አሸዋ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ የቀሩት በኩሬ፣ በሐይቅ ዳር፣ በረግረግና በእርጥብ የውሃ ሣር ላይ ይኖራሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚህ የቀሩት ናቸው።

እንግዲህ ለምን በቅርፊት? ሌላ ምልክት ጠፍቶ ነው? በከፊል አዎን። የውስጥ አካላቸው ከዝርያ ወደ ዝርያ እምብዛም አይለያይም። ጉሮሮና አንጀት የሁሉም ተመሳሳይ ነው ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም። ብዙዎቹ ዘራቸውን የሚተኩት ያለ ወንድ ስለሆነ፣ በሌሎች ጥቃቅን እንስሳት ዘንድ ዝርያ ለመለየት የሚያገለግለው የመራቢያ አካል እዚህ ብዙም አይረዳም። የቆዳው ጌጥ ግን ለዓይን ግልጽ፣ በመልኩም የበዛ ነው። ቆዳው ሁለት ንብር አለው። ቅርፊቱና እሾሁ የሚሠሩት ከታችኛው ንብር ሲሆን፣ ላይኛው ስስ ንብር ደግሞ ሁሉንም እንደ ፌስታል ይሸፍናል። ይህ ስስ ሽፋን እያንዳንዱን የሆድ ጸጉር ሳይቀር ለየብቻው ያለብሳል። ይህ የሆደ ጸጉሮች መለያ ነው።

ዋናውን ነገር ለመረዳት አንድ ቁራጭ ወረቀት አንሱ። ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት፤ ይህ ጠፍጣፋ ቅርፊት ነው፣ ሌፒዶደርሜላን ሌፒዶደርሜላ የሚያሰኘው። አሁን ወረቀቱን መሃል ለመሃል አጥፋችሁ ቆንጠጥ አድርጉትና መልሳችሁ ዘርጉት። መሃሉ ላይ ሸንተረር ይቀራል። ቅርፊቱ ሁሉ እንዲህ ባለ ሸንተረር ሲሆን እንስሳው ሄትሮሌፒዶደርማ ነው። ሸንተረሩን በኋላው ጫፍ ይዛችሁ ሳቡት እንበል፤ ከወረቀቱ ጠርዝ አልፎ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይርዘም። እሾህ ሆነ። ባለ እሾሁ ኬቶኖተስ ነው፣ «ጀርባው ጭገር» እንደ ማለት፤ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ከሁሉ የበዛው ወገን ይኸው ሲሆን ከ200 በላይ ዝርያዎች በስሙ ተመዝግበዋል። ደግሞ በሌላ መንገድ ሂዱ፤ ወረቀቱን በአጭር ምስማር ራስ ላይ አስቀምጡት። ከቆዳው ከፍ ብሎ በግንድ ላይ የቆመ ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ እንጉዳይ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። እርሱ አስፒዲዮፎረስ ነው፤ የግሪክኛው ትርጉም ጋሻ ተሸካሚ ነው። ጎን ለጎን ሲቆሙ ሰሌዳዎቹ ተገናኝተው አንድ ወጥ ጣሪያ ይመስላሉ፤ ግንዶቹ የሚታዩት ከጎን ሲያዩ ብቻ ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን ጭራሽ አንሱት። ባዶ ጠረጴዛ፣ ባዶ ቆዳ፤ ኢክቲዲየም።

በወረቀቱ ያየነው ቅርፊትና እሾህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አለመሆናቸውን ነው። እሾህ የቅርፊት ቅጥያ ነው። «ይህ እንስሳ ቅርፊት ነው ያለው ወይስ እሾህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ከመነሻው አጣምሞታል። ትክክለኛው ጥያቄ ቅርፊቱ ምን ያህል ተነሥቷል የሚለው ነው። ችግሩም ከዚሁ ይወለዳል። ከቅርፊቱ ጠርዝ ጥቂት ብቻ ያለፈ ሸንተረር ሸንተረር ይባላል ወይስ እሾህ? ለስሙ ሲባል አንድ ቦታ ላይ መስመር ማስመር ግድ ነው፤ ተፈጥሮ ግን መስመሩን አላሰመረችውም።

ወገኑን ማወቅ ገና መንደሩን ማወቅ ነው፤ ቤቱን ለማግኘት ወደ ዝርዝር መግባት ይጠይቃል። ኬቶኖተስን እንውሰድ። ጀማሪ የመጀመሪያውን እሾሃም እንስሳ ሲያይ ልቡ በእሾሁ ርዝመት ይሰረቃል። ረጅም ነው፣ አጭር ነው፣ ይላል። ርዝመት ብቻውን ግን እምነት አይጣልበትም። የሚጠየቀው ርዝመቱ ከጭንቅላት ወደ ጅራት እንዴት እንደሚለወጥ ነው። በአንዳንዱ ዝርያ እሾሁ አንገት ላይ አጭር ሆኖ ይጀምርና ወደ ኋላ ሲሄድ ቀስ በቀስ እየረዘመ ይመጣል፤ እንደ ደረጃ ሳይሆን እንደ ዳገት። በሌላው ደግሞ አጫጭር እሾሆች መካከል ድንገት በጀርባው ላይ ጥቂት ወፋፍራምና ረጃጅም እሾሆች በቡድን ይነሣሉ። ኬቶኖተስ ሂስትሪክስ የተባለው ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሂስትሪክስ በግሪክኛ ጃርት ነው። እንደ ጃርቱ ሁሉ እዚህም ዓይን የሚገባው የወፍራሞቹ ቡድን ነው። ሌሎቹ ደግሞ ረጃጅሞቹ እሾሆቻቸው ወገባቸውን እንደ መቀነት ይዞሩታል።

ቀጥሎ የእሾሁ ጫፍና ጎን ይታያል። አንዳንዱ እሾህ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ያልቃል። አንዳንዱ ከጫፉ ዝቅ ብሎ ጎኑ ላይ አንዲት ጥርስ ያወጣል፤ እንደ መንጠቆ ያለች፣ ከአንድ ማይክሮሜትር ልታንስ የምትችል ጥርስ። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ በመልካም ሁኔታ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያሳየው በመካከላቸው 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ርቀት ሲኖር ነው። ጥርሲቱ እዚያው ድንበር አካባቢ ነች። ሆኖም መኖሯና አለመኖሯ ሁለት ዝርያዎችን ይለያል። ሌንሱ መቶ ጊዜ የሚያጎላውና የማጥለቂያ ዘይት የሚፈልገው መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በአርባው ሌንስ ዝርያ ለይቻለሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ በትሕትና ዝም እላለሁ።

እሾሁ ከተቆጠረ በኋላ ሰው የሚረሳው የእሾሁን ሥር ነው፤ ማለትም እሾሁ የበቀለበትን ቅርፊት። እኔ ከእሾሁ ይልቅ ይህን አምናለሁ። እሾህ ይታጠፋል፣ ይሰበራል፣ ወደ ተመልካቹ ሲዞር ነጥብ ይመስላል። ቅርፊቱ ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ክብ ሊሆን ይችላል፤ ሞላላ፣ ባለ ብዙ ማዕዘን፣ ወይም እንደ ዱር አበባ ቅጠል ሦስት ጉብታ ያለው ሊሆን ይችላል። የኋላ ጠርዙ ድፍን ነው ወይስ መሃሉ ላይ ገባ ያለ ቁራጭ አለው? እሾሁ የሚነሣው ከመሃሉ ነው ወይስ ከኋላ ጠርዙ አጠገብ? ጎረቤቱን ይጫናል ወይስ በመካከላቸው ክፍት ቆዳ አለ? እነዚህን ሁሉ የሚመልሰው ቅርፊት ስፋቱ ጥቂት ማይክሮሜትር፣ አንዳንዴም ከቀይ የደም ሕዋስ የማይበልጥ ነው።

ቅርፊቶቹ ከራስ እስከ ጅራት በሚወርዱ ረድፎች ይሰለፋሉ፤ አንዱ ረድፍ ከጎረቤቱ እየተፈራረቀ፣ ልክ የቤት ጣሪያ ሸክላ እንደሚደረደረው። ዝርያ ለይቶ የሚጽፍ ሰው ጀርባው ላይ ስንት ረድፍ እንዳለ፣ በአንድ ረድፍ ስንት ቅርፊት እንደሚገኝ መቁጠር ይጠበቅበታል። ሲባል ቀላል ነው። እንስሳው ክብ ስለሆነ ከላይ ሲታይ የጎኑ ረድፎች ይደበቃሉ። ቅርፊት ቅርፊትን ሲጫን ደግሞ የዚህኛው ጠርዝ መስሎ የታየው መስመር የጎረቤቱ ጠርዝ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሌንሱን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ እያደረጉ እንስሳውን ንብር በንብር ማንበብ ነው። መጀመሪያ የጀርባው ቅርፊት ይጠራል፤ ዝቅ ሲል የጎን እሾሆች ከጎናቸው ይታያሉ፤ ከዚያም ዝቅ ሲል ሆዱ ይመጣል።

ሆዱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ቦታ እርሱ ነውና። በሁለቱ የጸጉር ረድፎች መካከል ጠባብ ሜዳ አለ። በአንዳንድ ዝርያዎች ባዶ ነው፤ በሌሎች በጣም ጥቃቅን ቅርፊቶች ወይም ቀጫጭን ሸንተረሮች ይሞሉታል። ሜዳው ወደ ጅራቱ ሲያልቅ፣ ከጅራት ሹካው ፊት ለፊት፣ ከሌሎቹ ተለቅ ያሉ ጥንድ ቅርፊቶች የሚገኙባቸው ብዙ ዝርያዎች አሉ። በጀርባቸው መንታ የሚመስሉ ሁለት ዝርያዎች በነዚህ ጥንድ ቅርፊቶች ሊለያዩ ይችላሉ። እንስሳው ግን በሆዱ ነው የሚሄደው። ሆዱን ለማየት መገልበጥ አለበት፤ መገልበጥ ደግሞ አይወድም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በእንስሳው አካል የፊትና የኋላ ክፍል፣ ጀርባው ላይ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ ቀጫጭን ጸጉሮች ይታያሉ። እሾህ አይደሉም። ነገር የሚዳስሱ የስሜት ጸጉሮች ናቸው። ከጅራቱ አካባቢ ያሉት ብዙ ጊዜ ከሌላው የተለየ ቅርጽ ባለው ቅርፊት ላይ ተተክለዋል። ይህን የማያውቅ ሰው «አራት ረጃጅም እሾሆች ያሉት አዲስ ዝርያ አገኘሁ» ብሎ ይነሣል። አዲስ ነገር የተገኘበት ደስታ ለአንድ ሌሊት እንኳ አይቆይም።

ሥራውን በተግባር ለሚሞክር፣ ከቅርፊቱ በፊት ብዙ በማያጎላ ሌንስ መታየት ያለበት ነገር አለ። እንስሳው ሕያው ሳለ አካሄዱን ተመልከቱ። ጅራቱ ሹካ ሆኖ ቅጠል ለቅጠል የሚሄድ ከሆነ ከላይ ከጠቀስናቸው አንዱ ይሆናል። ሹካው ከመጠን በላይ ረጅምና እንደ ሸምበቆ ቋጠሮ ቋጠሮ የመሰለ ከሆነ ፖሊመሩረስ ነው፤ ለዚህ ቅርፊት እንኳ ሳይታይ ስሙ ይነገራል። ሹካ ጭራሽ ከሌለውና በውሃ መሃል የሚዋኝ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዳሲዲቲዴ የሚባለው ቤተሰብ እሾሆቹን በጡንቻ ያንቀሳቅሳል። አካላቱ ላይ ተኝተው የነበሩ ረጃጅም የጎን እሾሆች ድንገት ይዘረጋሉ፣ እንስሳውም ይዘላል። የኬቶኖተስ እሾህ የጃርት እሾህ ከሆነ፣ የእነዚህ እሾህ የፌንጣ እግር ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ማረጋጋት ይመጣል። ሆደ ጸጉር ፈጣን ነው፤ እየሄደ ቅርፊቱ አይቆጠርም። የተለመደው መንገድ 1 በመቶ ገደማ ማግኒዥየም ክሎራይድ የሚባል ጨው የሟሟበት ውሃ ማከል ነው፤ ጡንቻው ይለቃል፣ አካሉም ሳይኮማተር ይዘረጋል። ቀጥሎ በመሸፈኛው መስታወት ጠርዝ ላይ መምጠጫ ወረቀት አስጠግቶ ውሃውን በጥቂቱ መቀነስ፤ መስታወቱ እንስሳውን ጠፍጠፍ ያደርገዋል። እኔ በርሜሉ አጠገብ በአጋጣሚ ያገኘሁትን ነገር ባለሙያዎች ሆን ብለው ያደርጉታል። እንስሳው ሞቶ አካሉ ሲፈርስ ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ ተላቅቀው ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ያልሸፈነው አንድ ነጠላ ቅርፊት ከእሾሁ ጋር ከሁሉም ማዕዘን ይታያል። ያሳዝናል፤ ግን ከዚያ የተሻለ እይታ የሚገኘው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው፤ ለእርሱ ደግሞ እንስሳው መድረቅ አለበት፣ ሲደርቅም የመኮማተር አደጋ አለ።

ልኬቱንም ቢሆን እንደ ዋዛ መያዝ አይገባም። ከእንቁላል የወጣ ግልገል የትልቁን መልክ ይዞ ነው የሚወጣው፤ እጭ የሚባል ደረጃ የለም። በመጠን ግን ያንሳል፣ ጉሮሮውም ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ረዘም ያለ ነው። ግልገሉን እንደ አዲስ አጭር ዝርያ የሚያይ ዓይን አይጠፋም። ስለዚህ በባለሙያዎች ጽሑፍ ውስጥ የአካል ክፍሎች ቦታ በማይክሮሜትር ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላው ርዝመት በመቶኛ ጭምር ይሰጣል፤ ልኬቱም ከአንድ ሳይሆን ከብዙ እንስሳት ይወሰዳል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፈረንሳዊው ሉዊ ዦብሎ በ1718 ሥዕሉን አሳትሟል። ዴንማርካዊው ኦቶ ፍሬድሪክ ሙለር ደግሞ በ1773 ከአንድ ሕዋስ ፍጥረታት ጋር ቀላቅሎ ስም ሰጣቸው። ኬቶኖተስና ኢክቲዲየም የሚሉትን የወገን ስሞች በ1830 ያወጣው ጀርመናዊው ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ነው። ይህ ሰው ለእኛ አገር ዙሪያ እንግዳ አልነበረም። ከጓደኛው ከቪልሄልም ሄምፕሪክ ጋር ግብፅን፣ ሱዳንንና ቀይ ባሕርን ዞሯል። ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ፤ ኤረንበርግ የሰበሰቡትን ይዞ ብቻውን ተመለሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ የኩሬ ውሃ ላይ አጎንብሶ እሾህ ያለውን ከሌለው ሲለይ እናገኘዋለን። ባለ እሾሁን አንድ ወገን፣ እሾህ የሌለውን ሌላ ወገን አደረገ። በጊዜው ለነበረው ሌንስ ይህ በቂ ነበር።

ጋስትሮትሪካ የሚለውን ስም የሰጠው ደግሞ በ1865 ኢልያ ሜችኒኮፍ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ገደማ ነበር። ጃርቱን ኬቶኖተስ ሂስትሪክስንም የሰየመው እርሱ ነው። ሜችኒኮፍ ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርምን እንደሚውጡ በማሳየቱ በ1908 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል፤ ስሙ የሚነሣውም በዚያ ነው። እኔ ግን ጃርቱን በሌንስ ባየሁ ቁጥር የማስበው ሃያ ዓመት ገደማ የሆነውን ወጣት ነው።

ሌንሱ ሲሻሻል የኤረንበርግ ሁለት ክፍል አልበቃ አለ። ልሙጥ የተባሉት መካከል ስስ ቅርፊት ያላቸው ተገኙ። ከቅርፊታሞቹ ባለ ሸንተረሩ ከጠፍጣፋው ተለየ። ፖላንዳዊው ያቼክ ኪሲየለቭስኪ በ1981 የአገሩን ረግረግ፣ በ1991 ደግሞ የብራዚልን ውሃዎች በዚህ ዓይን ሲመረምር፣ ዝርያ የሚባለው ነገር በአንድ ቅርፊት ዝርዝር እንዴት እንደሚበዛ አሳየ። ከአውሮፓና ከብራዚል ብዙ ዝርያ የተመዘገበው እንስሳቱ እዚያ ስለበዙ ነው ብሎ መደምደም አያስፈልግም። የሚያይ ሰው እዚያ ስለነበረ ነው።

በአፍሪካ ያለው ታሪክ አጭር ቢሆንም አንድ የሚያኮራ ስም አለው። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ኪጃኔባሎላ የሚባል ሐይቅ አለ። ፈረንሳዊው ፖል ደ ቦሻም ከዚያ ሐይቅ የመጣ አንድ ዋናተኛ ሆደ ጸጉር በ1932 ሲገልጽ አዲስ ወገን አደረገውና በሐይቁ ስም ጠራው፤ ኪጃኔባሎላ ዱቢያ። ዱቢያ በላቲን አጠራጣሪ ማለት ነው። ኪጃኔባሎላ ያለበት ቤተሰብ አባላት የጅራት ሹካ የላቸውም፤ ጭንቅላታቸው ላይ ሁለት ዱላ መሰል ዳሳሾች፣ ኋላቸው ላይ ደግሞ ረጃጅም እሾሆች አሏቸው። በ2013 ከደቡብ አፍሪካው ኢሲማንጋሊሶ ረግረግ የዚሁ ወገን ሌላ አዲስ ዝርያ ተገልጿል። የአንድ ትንሽ የኡጋንዳ ሐይቅ ስም በብራዚልም በሌላም አገር በሚጻፉ የሥነ እንስሳት ጽሑፎች ውስጥ ይነበባል።

እስከዚህ ድረስ ቅርፊትን እንደ ዳኛ አቆምኩት። ዳኛው ግን ይግባኝ ተብሎበታል። በስዊድን ከጨው አልባ ውሃ የተሰበሰቡ ሆደ ጸጉሮች ዲኤንኤ ተነብቦ ውጤቱ በ2012 ሲወጣ፣ በቅርፊታቸው አንድ ናቸው የተባሉ አንዳንዶች በዘር መልእክታቸው እጅግ ተራርቀው ተገኙ። በአንድ ስም ውስጥ ብዙ ዝርያ ተሸሽጎ ነበር ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ወደ ላይ ወጣና ወገኖቹን ራሳቸውን ነካ። ኬቶኖተስ የአንድ አያት ልጆች ስብስብ አይደለም። ባለ እሾሆቹ ከጠፍጣፎቹና ከባለ ሸንተረሮቹ ጋር በዘር ሐረጉ ላይ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ እነዚያ ዘላዮቹና ዋናተኞቹ ቤተሰቦች እንኳ ከሌሎቹ መሃል የበቀሉ ቅርንጫፎች ሆነዋል።

የወረቀቱን ጨዋታ ለሚያስታውስ ይህ ብዙ አያስደንቅም። ወረቀት ማጠፍ ቀላል ነው፤ መዘርጋትም እንዲሁ። ከጠፍጣፋ ወደ ሸንተረር፣ ከሸንተረር ወደ እሾህ የሚደረገው ጉዞ አጭር ከሆነ፣ በተለያዩ ዘሮች ደጋግሞ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ኋላም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቅርፊቱ «ይህ ምን ይመስላል?» ለሚለው ጥያቄ ታማኝ መልስ ይሰጣል፤ «የማን ልጅ ነው?» ለሚለው ግን እንደ ሰው መልክ ነው፤ አንዳንዴ ይመስላል፣ አንዳንዴ ያሳስታል። ያለ ወንድ መራባቱም ነገሩን ያወሳስበዋል። አንዲት እናት ብቻዋን እንቁላል ጥላ ራሷን የሚመስሉ ልጆች ስታፈራ፣ ትንሽ የቅርፊት ልዩነት በአንድ ኩሬ ውስጥ እንደ ቤተሰብ ምልክት ሊቀጥል ይችላል። ያ ልዩነት ዝርያ ነው ወይስ የአንድ ቤት ልጆች መልክ?

ቢሆንም ቅርፊቱን የሚተካ ነገር አልመጣም። ዲኤንኤው ሲነበብ እንኳ ከየትኛው እንስሳ እንደ ተወሰደ የሚያስረዳው በሕይወት ሳለ የተነሣው የቅርፊቱ ፎቶግራፍ ነው። እንስሳው አንድ ብቻ፣ አካሉም እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ለዲኤንኤ ሲፈጭ የሚቀር ነገር የለም። አስቀድሞ ፎቶ ያላነሣ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ባለቤት የሌለው ኮድ ነው። የድሮዎቹ ዝርያዎች ብዙዎቹ ደግሞ የተቀመጠ አካል የላቸውም፤ የተረፈላቸው ሥዕል ነው። የሠዓሊው እጅ ያችን የእሾህ ጥርስ ካልሳለ፣ ጥርሲቱ ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለውን ዛሬ ማንም አይመልስም።

በርሜሉ ኅዳር ላይ ደረቀ። ሥሩ ላይ የቀረውን ደረቅ ጭቃ በማንኪያ ፍቄ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ሆደ ጸጉሮች ሁለት ዓይነት እንቁላል ይጥላሉ፤ አንደኛው ወዲያው የሚፈለፈል፣ ሌላኛው ወፍራም ቅርፊት ለብሶ ድርቀትንና ብርድን የሚያሳልፍ ነው። በሚቀጥለው ዝናብ ጭቃውን አርሼ አየዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ የመብራቱን ቀዳዳ አስቀድሜ አጠባለሁ፣ ማግኒዥየሙንም አዘጋጃለሁ። ደብተሬ ላይ «ኢክቲዲየም» ከሚለው ስርዝ ሥር የተጻፈው «ሌፒዶደርሜላ» አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አለበት። የዝርያውን ስም አልጨመርኩም፤ ሆዱን አላየሁትም።